የቁጥር ስልሳ አንድ ጉንጭ

ትርፌ በትዳር ባሳለፈቻቸው ሃያ ሁለት ዓመታት ከሁሉም ቃል አብልጣ የተናገረችው «ውጣና አጭስ» የሚለውን ሳይሆን አይቀርም። ጠዋት ተናግራዋለች፣ እራት ላይ ተናግራዋለች፣ ልጇን ሩታን አርግዛ ሆዷ ገፍቶ ባለበት ጊዜም ተናግራዋለች። ሩታ አድጋ አሥራ አንደኛ ክፍል ከገባችም በኋላ አልተወችውም። ባሏ ጌታነህ እሺ ይላል። እሺ ካለ በኋላ አንድ እግሩን ውጭ፣ አንድ እግሩን ውስጥ አድርጎ በሩ ላይ ይቆማል። «ይኸው ወጣሁ አይደል?» ይላል። ጭሱ ግን እንዳለ ወደ ቤት ይገባል።

ትርፌ የቦዲቲ ልጅ ናት። ከሰባተኛ ክፍል የቀረችው እናቷ አልጋ ላይ ወድቀው ታናናሾቿን የሚያበላ ሰው በመጥፋቱ ነው። እናቷ ሲድኑ ትመለሳለች ተባለ፤ እናቷ ሲድኑ ባል መጣ። ሶዶ ከገባች ጀምሮ በአንድ የጤና ላቦራቶሪ በጽዳት ትሠራለች። ወለል ትወለውላለች፣ ብርጭቆዎቹን በሦስት ውሃ ታለቀልቃለች፣ የተቆለፈውን ትከፍታለች፣ የተከፈተውን ትቆልፋለች። ዶክተሮቹ ከጎንደር፣ ከመቀሌ፣ ከአዲስ አበባ ተመድበው ይመጣሉ፤ ሁለት ዓመት ቆይተው ይሄዳሉ። እሷ እዚያው ናት።

ጌታነህ መናኸሪያው አጠገብ ባለች አንድ በር ሱቅ ሞባይል ይጠግናል። ጣቶቹ የተባረኩ ናቸው፤ ውሃ ውስጥ አንድ ቀን ያደረ ስልክ ሲያስነሳ ሰው ይከበዋል። የገዛ ነገሩን ግን አይጠግንም። የቤታቸው አምፖል ከፋሲካ ጀምሮ ብልጭ ድርግም እያለ ነው።

ይህ ሰው አምና ከሲጋራ ሊላቀቅ ለቅዱስ ሚካኤል ተሳለ። «ብታላቅቀኝ ጥላ አስገባለሁ» አለ። እውነትም ሲጋራውን ተወ። አንድ ወር ሞላው፣ ሁለት ወር ሞላው። ኅዳር ሚካኤል ለንግሥ ሄደው ወርቃማ ዘርፍ ያለውን ቀይ ጥላ ሲያስገባ፣ ስለት ተቀባዩ ማይኩን ይዞ ሕዝቡ መሃል ጮኸ፦

«ወንድማችን ጌታነህ! ከሲጋራ ሱስ ብታላቅቀኝ ብለው ተስለው፣ ስለታቸው ሠምሮ ይህን የመሰለ ጥላ ይዘው መጥተዋል! እልል በሉ!»

ትርፌ ጉሮሮዋ እስኪነቃ እልል አለች። ያን ቀን ከቤተ ክርስቲያኑ እስከ ቤታቸው በእግር ሲመለሱ ሃያ ዓመት የለቀቃት መሰላት።

ደስታዋ አርባ ቀን አልሞላውም። ልብስ ልታጥብ ሱሪውን ስታገላብጥ ማንጎ ማንጎ ሸተታት። ማንጎ የበላ ሰው በቤቱ የለም። ኪሱን ስትፈትሽ ወፈር ያለ እስክሪብቶ የመሰለ ነገር በእጇ ገባ።

«ይሄ ምንድን ነው?»

«የደንበኛ ነው። ሊጠገን መጥቶ።»

«የደንበኛ ዕቃ ሱሪህ ኪስ ውስጥ ምን ይሠራል?»

«እየሞከርኩት ነዋ።»

ሙከራው ሦስት ወር ፈጀ። ቬፕ ይሉታል። በግልጽ አይሸጥም፤ ግን ከአዲስ አበባ በሻንጣ ይገባል፤ ሲበላሽ ደግሞ ወደ ጌታነህ ይመጣል። ስትነዘንዘው መልስ አያጣም። ጭስ አይደለም፣ እንፋሎት ነው። እሳት የለውም፣ አመድ የለውም፣ ክብሪት የለውም። «ከፍቼ አይቼዋለሁ እኮ፣ አንቺ ታስተምሪኛለሽ?» ይላል።

«ለሚካኤልስ ምን ልትለው ነው?»

«ሲጋራ ነው ያልኩት። ሲጋራ ደግሞ አልነካሁም። ቃሌን ጠብቄያለሁ።»

እንዲህ ካለ ሰው ጋር ምን ይባላል? ትርፌ ልብሱን አጥባ አሰጣችው።

ከዚያ ያ ነጭ ነገር መጣ። አንድ እሑድ ምሳ ላይ ጌታነህ ዳጣ አጥቅሶ ሲጎርስ ፊቱ ተጨማደደ፤ ጉንጩን ይዞ ቀረ። በዳጣ ያደገ የወላይታ ሰው በበርበሬ እንዲህ ሲሆን አይታ አታውቅም። በግድ አፉን አስከፍታ በስልኳ መብራት አየችው። በግራ ጉንጩ ውስጥ፣ ከታች መንጋጋው አጠገብ፣ የፈላ ወተት ላይ እንደሚይዘው ስስ ሽፋን የመሰለ ነጭ ነገር ተለጥፏል። በጨርቅ ብትጠርገው አልተነሣም።

«ትኩስ ሻይ ነው ያቃጠለኝ» አለ።

«መቼ?»

«አንድ ቀን።»

ትርፌ የጌታነህ እናት ትዝ አሏት። ሃላሌ ይኖሩ የነበሩት አማቷ ዕድሜያቸውን ሙሉ ጋያ ሲያጨሱ ኖረዋል፤ የትምባሆ ቅሉ ከእጃቸው አይለይም ነበር። በመጨረሻው ዓመት አፋቸው ቆስሎ ሾርባ እንኳ አልወርድ ብሏቸው ነበር። እርጅና ነው ተባለ፤ ማንም አፋቸውን ከፍቶ አላየም። ጌታነህ እናቱን ሁልጊዜ እንደ ምስክር ይጠራቸዋል፤ «እማዬ ጋያዋን ይዛ ሰማንያ ዓመት ኖራለች» ይላል። ሾርባውን አያነሣም።

በግንቦት ትርሐስ የምትባል ወጣት ተመራማሪ ላቦራቶሪው ውስጥ አዲስ ሥራ ጀመረች። ከአዲግራት የመጣች፣ ቀጭን፣ ምሳዋን ቆማ የምትበላ ልጅ ናት። ሲጋራ ከሚያጨሱ፣ ቬፕ ከሚስቡ እና ሁለቱንም ከማይነኩ ሰዎች የጉንጭ ሴል ሰብስባ ታወዳድራለች። የከተማው ሰው «ዲኤንኤ» ሲባል ደሙን ቀድተው ዘሩን ሊቆጥሩበት ይመስለዋልና የሚመጣላት ጠፋ። ስለዚህ ትርፌን ለመነቻት፤ ትርፌም በወላይትኛ እየተናገረች ከገበያም፣ ከመናኸሪያም፣ ከኮሌጅ በርም ሰው አመጣችላት። «መርፌ የለውም፣ ደም የለውም። አፍን በውሃ መጉመጥመጥ፣ ከዚያ ጉንጭን በትንሽ ብሩሽ ማሻሸት፣ በቃ» ትላቸዋለች።

አንድ ማክሰኞ ኮሪደሩን ስትወለውል የምታውቀው ድምፅ ከውስጥ ሰማች። ጌታነህ ነው። ማንም ሳይጠራው መጥቷል።

«ሲጋራ ያጨሳሉ?» ትላለች ትርሐስ።

«ትቻለሁ። ጥላ ሁሉ አስገብቻለሁ።»

«ቬፕ፣ ሺሻ፣ ጋያ፣ ሌላ የሚስቡት ነገር?»

«ኧረ ምንም።»

የትርፌ መወልወያ ቆመ። ባሏ ከማይነኩት ሰዎች ጎን ሊሰለፍ በገዛ እግሩ መጥቷል፤ ለጥላው ሁለተኛ ምስክር ወረቀት መፈለጉ ነው። ትርሐስ ወረቀቱ ላይ ጻፈች፤ «ስልሳ አንድ» ብላ ካርዱ ላይ ቁጥር ለጠፈች። ብሩሹን አፉ ውስጥ ስታስገባ ግን መብራት አበራች።

«ይሄ ነጭ ነገር ስንት ጊዜው ነው?»

«ሻይ ነው።»

«የጥርስ ሐኪም ማየት አለበት። ወረቀት እጽፍልዎታለሁ፤ ዛሬ ነገ እንዳይሉ።»

ወረቀቱን ተቀብሎ አጥፎ ኪሱ ከተተ። ሲወጣ ትርፌን ኮሪደሩ ላይ አገኛት። ቀና ብሎም አላያት፤ በእርጥቡ ወለል ላይ ዱካውን ጥሎ ሄደ። ትርፌ ዱካውን ወለወለችው። ገብታ ትናገር? ባሌ ውሸታም ነው ትበል? ለዚያች ልጅ እንዲህ ያለ ነገር በምን አፍ ይነገራል?

በሳምንቱ ወረቀቱ የት እንዳለ አየች። ሱቁ ውስጥ፣ መሳቢያ ውስጥ፣ ከሞቱ ባትሪዎች ሥር። «እሄዳለሁ አልኩ አይደል?» አለ። ሦስት ሳምንት እሄዳለሁ አለ። ነጩ ነገር የጣት ጥፍር አክሏል።

ነገሩ የፈነዳው ላቦራቶሪው ውስጥ ነው። ትርፌ ብርጭቆ ለመሰብሰብ ስትገባ ትርሐስ ሁለት እጇን ራሷ ላይ ጭና ማይክሮስኮፑ ፊት ተቀምጣለች።

«ምን ሆነሽ ነው ዶክተር?»

«እትዬ ትርፌ፣ ሥራዬ ተበላሸ። አንድ ቦታ ላይ ስላይዶቹን ሳላቀያይር አልቀረሁም። የዚያን ማክሰኞ የሰበሰብኩትን በሙሉ ጥዬ እንደ ገና ልሰበስብ ነው።»

«የአሥራ ሰባቱን ሰው?» ትርፌ ደነገጠች። አሥራ ሰባቱንም ለምና ያመጣቻቸው እሷ ናት፤ ከአንዱ፣ ካልተለመነው፣ በቀር።

«ይምጡ ይዩት እስኪ።»

ትርፌ በዚያ መሣሪያ ውስጥ አይታ አታውቅም፤ አቧራውን ብቻ ስታብስ ኖራለች። አንድ ዓይኗን ጨፍና ስታይ መጀመሪያ የገዛ ሽፋሽፍቷን አየች። ቆይቶ የተጠበሰ እንቁላል የመሳሰሉ ነገሮች ተዘርግተው ታዩአት፤ እያንዳንዱ መሃሉ ላይ ጠቆር ያለ አስኳል አለው።

«አንዱ አንድ ሴል ነው» አለች ትርሐስ። «አስኳል የመሰለው ውስጥ ዲኤንኤ አለ። ሴሉ ምን መሥራት እንዳለበት፣ መቼ መከፈል፣ መቼ መሞት እንዳለበት የተጻፈው እዚያ ነው። አሁን ከአስኳሉ አጠገብ ትንሽ ነገር ታየዎት?»

«እንደ ፍርፋሪ?»

«ልክ ነው። አንድ ነገር ጽሑፉን ሲቆርጠው፣ ሴሉ ለሁለት ሲከፈል የተቆረጠው ቁራጭ አብሮ መሄድ ያቅተውና እንዲያ ከጎን ወድቆ ይቀራል። የሲጋራ ጭስ ይቆርጠዋል። ቬፑም ሳይቆርጠው አይቀርም፤ እኔ የምቆጥረው ይህንኑ ነው። ፍርፋሪ በጤነኛ ሰውም ይገኛል፤ ግን ጥቂት ነው። ይሄ ስላይድ ከማይነኩት ሰዎች ነው። ፍርፋሪው ደግሞ ከአጫሾቹ አይተናነስም። ቁጥር ስልሳ አንድ። የማን ስላይድ ከማን ጋር እንደ ተቀየረ እንጃ!»

ትርፌ ዓይኗን ከመሣሪያው አላነሣችም። ሃያ ሁለት ዓመት አብራው የበላችውን፣ አብራው የተጣላችውን ሰው ጉንጭ እያየች ነው። ያን ፍርፋሪ ሁሉ። እንፋሎት ነው ይላል!

«አልተቀየረም» አለች።

«እንዴት?»

«አልተቀየረም አልኩሽ። ባሌ ነው። ቬፕ ይስባል። ለአንቺ ዋሽቷል፣ ለሚካኤልም ዋሽቷል፣ እኔማ ለምጄዋለሁ። ያን ቀን ኮሪደሩ ላይ ቆሜ ሰምቼ ዝም ያልኩት ደግሞ እኔ ነኝ።»

ትርሐስ ወንበሩ ላይ ዘፍ አለች። «ሦስት ቀን ነው የቆጠርኩት» አለች ቀስ ብላ። «ሦስት ቀን ሙሉ ራሴን ስረግም ነበር።»

«ይቅር በይኝ የኔ ልጅ።»

ልጅቱ ስላይዱን ከማይክሮስኮፑ ላይ አነሣችው። ቀጥላ የተናገረችው ስለ ሥራዋ አልነበረም።

«ይሄ ስላይድ ካንሰር አለው አይልም፤ የአንድን ሰው ዕጣ በአንድ ስላይድ አይናገሩም። ሴሎቹ እየተጎዱ እንደሆነ ብቻ ነው የሚያሳየው። ሰውነት ራሱ ጠጋኝ አለው፤ የተቆረጠውን ይጠግናል። ግን ጠጋኙ አንዱን ሳይጨርስ ሌላው ከተቆረጠ አይደርስም። እኔን የሚያስፈራኝ ነጩ ነገር ነው። ሐኪም አየው?»

«ባትሪ ሥር ነው ያለው ወረቀቱ።»

ትርፌ ከሥራ ስትወጣ ወደ ቤት አልሄደችም። ሱቁ ስትደርስ ጌታነህ አንድ ቬፕ ፈታቶ ጠረጴዛ ላይ ዘርግቷል። ጎረቤቱ ልብስ ሰፊው ጩማ በሩ ላይ ተደግፎ ያወራል።

«ሳሮ ጩማ» ብላ ሰላምታ ሰጥታ ገባችና ከባሏ ፊት ቆመች። «እየጠገንከው ያለኸው ምኑ ተበላሽቶ ነው?»

ጌታነህ ስለ ሥራው ሲጠየቅ ደስ ይለዋል። በመቆንጠጫ አንድ ነገር አነሣ። «ጥጡ ነው። ፈሳሹን የሚመጥጠው እዚህ ውስጥ ያለ ጥጥ ነው፤ ሽቦው ያግለዋል። ሲቆይ እንዲህ ያርራል፣ ጣዕሙ ይበላሻል። ጥጡን መቀየር ነው።»

ጥጡ የከሰል ቀለም ነበረው።

«በስንት ጊዜ ይቀየራል?»

«እንደ አሳሳቡ ነው። በሳምንት፣ በሁለት ሳምንት።»

«ጉንጭህንስ በስንት ሳምንት ነው የምትቀይረው?»

ጩማ ሳቁን ሊውጥ ሞክሮ አነቀው። «ኧረ ጌቴ፣ ዛሬ አለቀልህ!» አለና ወደ ገዛ ሱቁ ገባ፤ የስፌት መኪናው ድምፅ ግን አልተሰማም።

«አየሁት» አለች ትርፌ። «ጉንጭህን በመሣሪያ አየሁት። ፍርፋሪ በፍርፋሪ ሆኗል። ያችን ልጅ ሦስት ቀን አሳበድካት። ነግሬያታለሁ።»

«ምን? ባልሽን ሰለልሽ?»

«ሰለልኩ። ረቡዕ ጠዋት ጥርስ ክሊኒክ እንሄዳለን።»

«አልሄድም።»

«ለምን?»

ጌታነህ መቆንጠጫውን አስቀመጠ፤ መልሶ አነሣው። ድምፁን ዝቅ አደረገ። «መጀመሪያ የሚጠይቁት ታጨሳለህ ወይ ብለው ነው። ምን ልበል? የጥርስ ሐኪሙ ዶክተር ይልቃል የሚያስቀድሰው ሚካኤል ነው፣ ያን ቀን እዚያ ነበር። ጥላዬን ሳስገባ ቆሞ ሲያጨበጭብ አይቼዋለሁ። ሄጄ ጥላውን ልመልስ? ማይክ ላይ ወጥቼ ተሳስቻለሁ ልበል?»

ትርፌ አየችው። ወራት ሙሉ በሽታውን የፈራ መስሏት ነበር። የፈራው ለካ ማይኩን ነው! አንድ ሰው በአንድ ጥላ ምክንያት አፉ ሊበሰብስ ነው። መናደዷን አልተወችም፤ ነገር ግን ንዴቷ ውስጥ አንድ የላላ ነገር ተሰማት።

«ጥላው እዚያው ይቀመጥ» አለች። «ታቦቱ ከዝናብና ከፀሐይ ይጠለልበት፤ እኔ የሚካኤል ዕቃ ቤት ኃላፊ አይደለሁም። እኔ የምፈልገው ረቡዕን ነው።»

ረቡዕ ማለዳ ክሊኒኩ ሳይከፈት ሄዳ ወረፋ ያዘች። ሦስተኛ ሆነች። ደወለች፤ «እየመጣሁ ነው» አለ። ደወለች፤ «ደንበኛ ይዞኝ ነው» አለ። ሁለተኛዋ ሰው ስትገባ ስልኩን አጠፋው። ትርፌ ወረፋዋን ከኋላዋ ላሉት አዛውንት አደራ ብላ፣ ባጃጅ ይዛ መናኸሪያው ጋ ወረደች። ጌታነህ ባንኮኒው ኋላ ተቀምጧል፤ ደንበኛ የሚባል አንድም የለም። አላናገረችውም። ባንኮኒው ላይ ያለውን የበሩን ቁልፍ ከነጓጉንቸሩ አነሣችና ወጣች።

«ምን ልታደርጊ ነው?»

«ልቆልፍ። ውስጥ መሆን ከፈለግክ ውስጥ ሁን።»

የላሜራውን በር ግማሽ ስታወርደው ጌታነህ ጎንበስ ብሎ ሾልኮ ወጣ። ጓጉንቸሩን ቀጭ አድርጋ ቁልፉን ጡቷ ሥር ወሸቀችው።

«ትርፌ፣ ሱቁን ነው ባልሽን የዘጋሽው?» አለ ጩማ መቀሱን እንደያዘ።

«ሁለቱንም። ደንበኛ ቢመጣ ከሰዓት ይመለስ በል።»

ጌታነህ ባጃጁ ውስጥ «የሰው መሳቂያ አደረግሽኝ» አለ። ትርፌ «ገና ነው» አለችው።

ዶክተር ይልቃል ካርዱን ከፈተ፤ እስክሪብቶውን አነሣ።

«ያጨሳሉ?»

ትርፌ ግድግዳው ላይ ያለውን የጥርስ ሥዕል ማየት ጀመረች። እዚህ ላይ እሷ ልትናገርለት አትችልም፤ ሃያ ሁለት ዓመት ተናግራለች፣ ደክሟታል። ውጭ አንድ ሰው ያስላል።

ጌታነህ እጁን ኪሱ ከተተና ያን ነገር አውጥቶ ጠረጴዛው ላይ አኖረው።

«ሲጋራ ትቻለሁ» አለ። «እሱ እውነት ነው። ይሄን ግን ጥላውን ከማስገባቴ በፊትም እስብ ነበር።»

ሐኪሙ ጥላ የሚባለው ነገር ትዝ ያለውም አይመስልም። ጻፈና «አፍዎን ይክፈቱ» አለ። አደንዝዞ ከነጩ ላይ የሩዝ ፍሬ የምታህል ቁራጭ ቆርጦ በትንሽ ጠርሙስ ከተተ። ወደ አዲስ አበባ ይላካል፣ ውጤቱ ሦስት ሳምንት ይቆያል ተባሉ።

ያ ሦስት ሳምንት እንዴት እንዳለፈ ትርፌ ብትጠየቅ ወለል ስወለውል ነበር ትላለች። በመሃሉ ጌታነህ ብቻውን ላቦራቶሪው ድረስ መጥቶ፣ ትርሐስን ይቅርታ ጠይቆ፣ ቅጹን አስተካክሎ ፈርሟል። ቁጥር ስልሳ አንድ ቬፕ ከሚስቡት መካከል ተቆጠረ። ለትርፌ ግን ይህን የነገራት እሱ ሳይሆን ትርሐስ ናት። ቬፑንም አልሳበም። በምትኩ ቤት ውስጥ ባገኘው ነገር ሁሉ ይነጫነጫል፤ ወጡ ቀጠነ፣ ሬዲዮው ጮኸ፣ ሩታ በሩን ወረወረች። አንድ ቀን በንዴት ተነሥቶ ያን አምፖል አስተካከለው።

ውጤቱ መጣ። ካንሰር አይደለም። ጤናማም አይደለም። ሴሎቹ መልካቸውን መለወጥ ጀምረዋል አለ ዶክተሩ። «ካቆሙ ሊሻሻል ይችላል፤ እርግጠኛ ነኝ አልልም። ካላቆሙ መንገዱ ወዴት እንደሆነ ታውቃላችሁ። በየሦስት ወሩ አየዋለሁ።»

ከክሊኒኩ ሲወጡ ዝናብ ሊጥል ዳምኗል፤ የዳሞት ተራራ እስከ ወገቡ በደመና ተሸፍኗል። ጌታነህ እጁን ወደ ኪሱ ሰደደ፤ ባዶ ነው። እጁ የሚሄድበት አጥቶ አገጩን አሻሸ።

«እንግዲህ» አለ፣ «ለሚካኤል ሌላ ስለት ልሳል መሰለኝ።»

ትርፌ መንገዱ መሃል ቆመች።

«አትሳል!»

«ለምን?»

«ጥላ የለ፣ ማይክ የለ፣ እልልታ የለ። ዝም ብለህ ተው። ሰው አንድ ነገር ዝም ብሎ መተው አይችልም?»

«እሺ፣ እሺ። አትጩሂ፣ ሰው ያያል።» ጥቂት እንደ ተራመዱ ቀጠለ፤ «የቀጠሮ ካርዱን አምጪው። በሚቀጥለው ራሴ ነኝ የምመጣው።»

ትርፌ ካርዱን አንድ ጊዜ አየችው፤ እሱንም አየችው። ከዚያ በገዛ ቦርሳዋ ውስጥ ከትታ ዚፑን ዘጋችና መንገዷን ቀጠለች።